ዴልሂ ስድስት ሰዓት ነው

ታናሽ ወንድሜን ምንዋጋውን ከሚኖርበት ከዝቋላ ወረዳ ሰቆጣ ምን ያህል ይርቃል ብላችሁ ብትጠይቁት በኪሎ ሜትር አይነግራችሁም። "ዶሮ ሲጮኽ ተነስተው፣ ሳያርፉ ከሄዱ ስምንት ሰዓት" ይላችኋል። ፍየሎቹን እየነዳ ያንን ዳገት ሃያ ዓመት ተመላልሶበታል። ኑሮው እግሩ ነው።

እኔ ሰርካለም እባላለሁ፤ ሰቆጣ ከተማ ልብስ ሰፊ ነኝ። አምና ሁለቱም ኩላሊቶቼ አንሠራም አሉ። ሐኪሞቹ ሕንድ አገር ሄጄ የሥጋ ዘመድ ኩላሊት ካልተተካልኝ ዕድሜ እንደሌለኝ ነገሩኝ። ከወንድሞቼና ከእህቶቼ ሁሉ የተስማማኝ የምንዋጋው ብቻ ሆነ።

ተናደድኩ። በማን እንደተናደድኩ እንጃ፣ ብቻ እሱ ላይ ጮህኩበት። "አንተ ዳገት ካልወጣህ ልጆችህ ምን ይበላሉ? ያንተን አካል ቆርጬ እኔ ልኖር?"

"ጨረስሽ?" አለኝና በማግስቱ ፓስፖርት ሊያወጣ ደሴ ወረደ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። አፉን ለማስዘጋት እሺ አልኩት እንጂ፣ በሆዴ ዴልሂ ስንደርስ ለሐኪሙ "አልቀበልም" ልለው ቆርጬ ነበር። ከዚያ የመጣው ይምጣ።

አዲስ አበባ ቲኬት ስንቆርጥ፣ ሻጯ ልጅ መንገዱ አራት ሺህ አምስት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል፣ በረራው ደግሞ ስድስት ሰዓት ገደማ መሆኑን ነገረችን። ምንዋጋው አላመናትም።

"ስድስት? እኛ እኮ ለፍየል ገበያም ከዚህ የበለጠ እንሄዳለን" አላት።

ሳቀች። ቀጥላ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "የታማሚዋ መሄጃ ብቻ ይሁን፣ ጋሼ? የመመለሻዋ ቀን አይታወቅም፤ ብዙ ሰው እንዲያ ነው የሚቆርጠው" አለችው።

ፊቱ ተለዋወጠ። "ደርሶ መልስ። የሁለታችንም፣ ባንድ ቀን" አለ። ቀኑ ሊቀየር እንደሚችል ብታስረዳውም ግግም አለባት።

አውሮፕላኑ ሲነሳ ወንበሩን ጨምድዶ ይዞ ውዳሴ ማርያም በቃሉ ደገመ። ቆይቶ በመስኮት ወደ ታች አየ፤ ውሃ ብቻ ነው።

"ስንት ሰዓት ሄድን?"

"ሦስት።"

"እንግዲያ ተጋመሰ።"

ከዚህ በላይ ልደብቀው አልቻልኩም። "ምንዋጋው፣ ስማኝ። ኩላሊትህን አልወስድም። ለሐኪሙም እነግረዋለሁ። አንተ በጤናህ ወደ ልጆችህ ተመለስ" አልኩት።

ይቆጣል ብዬ ነበር፤ አልተቆጣም። ዓይኑን ከመስኮቱ መለሰና አየኝ።

"እታለም፣ ይህንን ሰማይ አልፈራሁም ብልሽ ውሸት ነው፤ ፈርቻለሁ። ቢላውንም እፈራለሁ። እሱን እችለዋለሁ። ግን አንቺን እዚያ ቀብሬ፣ ባዶ ወንበርሽን እያየሁ ስድስት ሰዓት ተቀመጥ ካልሽኝ፣ እሱን አልችለውም" አለኝ።

ሰው እያየኝ አለቀስኩ፤ ሲወጣልኝ "እሺ" አልኩት። ያሁኑ እሺ ከልቤ ነበር።