በአውቶቡስ ሦስት ቀን

ትናንት እዚህ አስመራ ቤቴ የልጅ ልጄ ሳባ ሻሂ እየቀዳችልኝ፣ «ዓባዬ፣ አዲስ አበባ ያለው ወንድምሽ ትንሽ አሞታል» አለችኝ። ብርጭቆውን ሳልጠጣ መልሼ አስቀመጥኩት። እሷ ደግሞ ልታጽናናኝ ስልኳን አውጥታ፣ «በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ከምናምን ነው እኮ፤ ቅርብ ነው» ትለኛለች። ለእኔ ነው እንግዲህ የምትነግረው።

ያኔ ሃያ ዓመቴ ነበር። የኤርትራና የኢትዮጵያ ፌዴሬሽን ፈርሶ፣ ሁሉ ነገር በአማርኛ ካልሆነ የተባለበት ዘመን ነው። በትምህርት ቤት አማርኛ የጎበዘ አዲስ አበባ ሥራ ያገኝ ነበርና፣ እኔም ታይፒስት ሆኜ አጎቴ ቤት እኖር ነበር። እናቴ አስመራ፣ ገጀረት ሰፈር ቀርታለች። ክረምት ላይ አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ አጎቴ በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ።

«እናትሽ ትንሽ አሟታል። ነገ በአውሮፕላን ሂጂ፤ ትኬቱን እኔ እቆርጥልሻለሁ» አለኝ።

በእኛ አገር ይህ አባባል ምን እንደሆነ የማያውቅ የለም። አባታችን የሞተ ጊዜ ምጽዋ ይሠራ የነበረውን ወንድሜን «ትንሽ አሞታል» ብለው ነው ያመጡት፤ ሲደርስ ከተቀበረ ሁለት ቀን አልፎት ነበር። መርዶ እንዲህ ነው፤ አገር ሁሉ ያውቃል፣ ባለቤቱ ብቻ አያውቅም።

«አልሞተችም ልጄ፤ ማርያምን» አለ አጎቴ። ይማል እንጂ ምን ቸገረው፤ ለመርዶ የሚዋሽ ሁሉ ይምላል።

«በአውቶቡስ ነው የምሄደው» አልኩት። ለመነኝ፣ ተቆጣኝ፤ እምቢ አልኩ። ቀብሩ አልፏል፣ ምን ያስቸኩለኛል? እውነቱን ልናገር ካልኩ ግን ፈርቼ ነው። ለቅሶ የሚጠብቀኝን ያንን ቤት ሦስት ቀን ልሸሸው ፈልጌ ነው።

ጣርማ በር ላይ ጉም መንገዱን ውጦት ሹፌሩ በዳበሳ ሄደ። ደሴ አደርን። በማግሥቱ ማይጨው ላይ፣ ጥቁር ለብሼ ሳለቅስ ያዩኝ አንዲት እናት በለስ ልጠው ሰጡኝ። «ብዪ ልጄ፤ የሞተ አይመለስ» አሉኝ። በላሁ። ጣፈጠኝም፤ እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ያ በለስ ነው። መቀሌ አደርን። ሰንዓፈ ላይ ወታደሮች ሰዉን ሁሉ አስወርደው ሲፈትሹ፣ ጥቁሬን አይተው እኔን አለፉኝ።

ገጀረት ስደርስ ፀሐይ እያዘቀዘቀች ነበር። በራችን ላይ ድንኳን ተተክሏል፤ እንደጠበቅሁት ነው። እየጮኽሁ ስገባ ጎረቤታችን ወይዘሮ ለተብርሃን ጥቁር ልብሴን አይተው ደነገጡ።

«ማን ነገረሽ?»

«ካወቅሁ ሦስት ቀኔ ነው።»

«እንታይ ትብሊ? ምን ትያለሽ ልጄ? ትናንት ማታ እኮ ነው ያረፈችው።»

አጎቴ ማርያምን ብሎ የማለው እውነቱን ኖሯል። ቆይተው ደግሞ፣ አውሮፕላን በቤቱ ላይ ባለፈ ቁጥር እናቴ «መስኮቱን ክፈቱልኝ፣ ልጄ መጣች» ትል እንደነበር ነገሩኝ። ሌላውን ሁሉ መደበቅ የሚያውቅ አገር ይህቺን እንኳ ቢደብቀኝ ምን ነበረበት?

ልጆቼን፣ ስታመም ታማለች በሉ፣ ስሞት ሞታለች በሉ ብያቸዋለሁ። እሺ ይላሉ። ዛሬ ጠዋት ሳባን፣ «ወንድሜ በእውነት በሕይወት አለ?» ብዬ ጠየቅኳት።

«ማርያምን ዓባዬ» አለችኝ። ዓይኗን ግን ከሻሂው ላይ አላነሳችም።

አላመንኳትም። ሻንጣዬን አሰርኩና የነገውን አውሮፕላን ትኬት አስቆረጥኳት። ሞቶ ከሆነም ሞቶ ላግኘው፤ ብቻ መንገድ ላይ ሳለሁ አይሙትብኝ።