ትንሿ አጉራሽ

ከሌሊት ፈረቃ የምመለስባቸው ጠዋቶች ሁሉ ሕልም ይመስሉኛል። ሰርቪሱ ቃሊቲ አውርዶኝ ወደ ሰፈር ስገባ ፀሐይዋ ከከባድ መኪናዎቹ አቧራ ውስጥ ገና ብቅ እያለች ነው። ጆሮዬ ውስጥ የፋብሪካው የሽመና ማሽን መዞሩን አላቆመም። የግቢውን በር ስከፍት ደፉ ላይ ልጄ ቁጭ ብላ ትጠብቀኛለች፣ እኔም ለትንሽ ጊዜ እውነት መሆኗን እጠራጠራለሁ።

አራት ዓመቷ ነው። ስትወለድ ሐኪሙ «ዳውን ሲንድሮም አለባት፤ ትማራለች፣ ግን ቀስ ብላ ነው» ብሎን ነበር። ቀስ ማለትን ከእሷ ተማርኩ። ከዚያ በፊት ታክሲ ሰልፍ ላይ የምጣላ ሰው ነበርኩ። አሁንም እጣላለሁ፣ ግን ቶሎ ይበርድልኛል።

ችግራችን የመጣው ከፍቅር ነው። በግቢያችን ልጄ የማትጎርስበት ቤት አልነበረም። በር ላይ ቆማ አፏን ትከፍታለች፣ ጉርሻዋን ተቀብላ ወደሚቀጥለው በር ትሄዳለች። በተለይ አከራያችን እማማ «በሞቴ! ይቺን ብቻ!» ሳይሏት ምሳቸውን አይጨርሱም። ስለዚህ ልጃችን አንድ ቀን እንኳ በገዛ እጇ ጎርሳ አታውቅም ነበር። እኛም ልብ አላልነውም፣ መዋለ ሕፃናት ልናስመዘግባት እስከሄድንበት ቀን ድረስ።

ዳይሬክተሯ ክፉ ሴት አይደለችም። «ረዳት የለንም፤ በእጇ መብላት ስትችል አምጧት፣ እቀበላታለሁ» አለችን። መንገዱን ሙሉ ስነጫነጭ መጣሁ። ሚስቴ ግን ግቢ እንደገባን፣ «ከዛሬ ጀምሮ ልጄን ማንም እንዳያጎርስብኝ!» ብላ አወጀች።

«ሕፃን ማጉረስም ወንጀል ሆነ?» አሉ እማማ። ከዚያ በኋላ በራቸውን ዘግተው መብላት ጀመሩ። ተቀይመውን መስሎኝ ነበር። ለካ አፏን ከፍታ ስትቆም እያዩ መከልከል አቅቷቸው ነው።

የልጄ ጣቶች ለስላሳ ናቸው፣ ጉልበት የላቸውም። ሚስቴ ሊጥ ታስቆነጥራታለች፣ የልብስ መቆንጠጫ ታስከፍታታለች። ጠዋት ጠዋት ደግሞ እኔና ልጄ አንድ ሳህን መሀላችን አድርገን እንቀመጣለን። እንጀራው ከጣቷ ያመልጣል፣ ሽሮው እስከ ክርኗ ይወርዳል። እኔ እጄ አላስችል ብሎት እንዳያጎርሳት እጄ ላይ እቀመጥበታለሁ። መጨረሻ ላይ ጾሟን እንዳትውል እናቷ በማንኪያ ታበላታለች።

ወራት እንዲህ አለፉ። አንድ ጠዋት ሳህኑ ፊት እንቅልፍ ወሰደኝ። በሕልሜ ይሁን በእውኔ እንጃ፣ ማሽኑ ይዞራል፣ ክሩ ነጭ ሆኖ ይፈሳል፣ ከዚያ ከንፈሬን ለብ ያለ ነገር ነካኝ። ዓይኔን ስገልጥ ልጄ ፊቴ ቆማለች። በሦስት ጣቷ የያዘችው ትንሽዬ፣ ጭምድድ ያለች ጉርሻ ነበረች።

«ሞቴ!» አለችኝ።

ጎረስኩ። ሽሮው ጨው የሚባል አልነካውም፣ ግን በሕይወቴ እንደዚያ የጣፈጠኝ ነገር የለም። ጮህኩ። ሚስቴ ሮጣ መጣች፣ እሷም ጎረሰች። እማማ በራቸውን ከፍተው ወጡና ጎርሰው እንባቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። ግቢው ሠርግ ቤት መሰለ።

ደስታው ሲሰክን ግን አንድ ነገር አየን። ልጃችን ለራሷ አትጎርስም። ጠቅልላ ለሰው ትሰጣለች፣ ከዚያ አፏን ከፍታ ተራዋን ትጠብቃለች። ምን ይፈረድባታል? ጣፋጭ ነገር ሁሉ ሲደርሳት የኖረው ከሰው እጅ ነው። እጇን ይዤ ወደ አፏ ስመልሰው የቀለድኩ እየመሰላት ትስቅና ጉርሻውን ለእኔው ታቀብለኛለች።

ምዝገባው የሚዘጋበት ቀን ደረሰ። ካለፈን ዓመቱን ሙሉ ደፍ ላይ ተቀምጣ ልታሳልፈው ነው። እንደ ፈቀደ ይሁን ብለን ይዘናት ሄድን። የዳይሬክተሯ ቢሮ ገብተን ምሳ ዕቃዋን ጠረጴዛው ላይ ከፈትንላት። ልጄ ምላሷን አውጥታ፣ ቀስ ብላ፣ እንጀራዋን ቆርሳ ጠቀለለች።

«ጎበዝ!» አለች ዳይሬክተሯ።

ልጄ ግን ከወንበሯ ወረደች። ጠረጴዛውን ዞረችና ሽሮ የሚንጠባጠብበትን እጇን ወደ ሴትየዋ ዘረጋች። «ሞቴ!»

ሚስቴ ዓይኗን ጨፈነች። እኔ ይቅርታ ልጠይቅ ከወንበሬ ተነሳሁ። ፈራሁ፣ በጣም ፈራሁ። ዳይሬክተሯ ጉርሻውን ለአፍታ አየችው። ከዚያ መነጽሯን አውልቃ ጎንበስ አለችና ጎረሰች። ለረጅም ጊዜ አላመጠች። ልጄም አፏን ከፍታ ትጠብቃለች።

«ለራስ መጉረሱን እዚህ ከእኩዮቿ እያየች ትማረዋለች» አለች ዳይሬክተሯ በመጨረሻ፣ አፏን በመሀረብ እየጠረገች። «እናንተ ብቻ ከሰኞ ጀምሮ ምሳዋን በዛ አድርጉላት። ክፍሉ ውስጥ ብዙ ልጅ አለ።»