አንድ ጊዜ ብቻ የሚጠይቁ ሰዎች

ባለፈው ሳምንት ለንደን ዌምብሊ በምሠራበት ሱቅ፣ አዲስ የተቀጠረች ሐበሻ ልጅ በምሳ ሰዓት ጥግ ይዛ ተቀምጣ አየኋት። ምስር በዳቦ ይዤ ነበርና «ነይ እንብላ» አልኳት። «ኖ፣ አይም ፋይን አንቲ» አለችኝ። ይህችን «ደህና ነኝ» አውቃታለሁ። ሠላሳ ዓመት ወደ ኋላ ወሰደችኝ።

እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በዘጠናዎቹ አጋማሽ ነው። ከእናቴ ጋር ክላፋም እንኖር ነበር። ትምህርት ቤታችን ረቡዕ ረቡዕ የካዴት ሥልጠና ይሰጣል፤ ሰልፍ፣ ካርታ ማንበብ፣ ስለ መሪነትና ስለ ጥሩ ዜግነት። ልብሱም እንደ ወታደር ካኪ ነው። እናቴ ካኪ ስታይ ደሟ ይፈላል፤ አገር ቤት ካኪ የለበሱ ሰዎች በራችንን ሲደበድቡ አይታለች።

«ወታደር ልትሆኚልኝ ነው?»

«አይደለም እማዬ፣ መሪነት ነው የሚያስተምሩን።»

«እስቲ መጀመሪያ አልጋሽን አንጥፊ» ብላ ፈቀደችልኝ።

እኔ ግን ቆርጬ ነበር። በዚያ ትምህርት ቤት «ስደተኛዋ ልጅ» እንጂ ሂሩት ብሎ የሚጠራኝ ጥቂት ነው። የአስር አለቃ ምልክት እጅጌዬ ላይ ሳይሰፋ ላልተው ምዬ ነበር።

የአስር አለቃነቱ ፈተና በመጋቢት፣ ከለንደን ወጣ ብሎ ባለ ጫካ ነበር። ተፈታኙ የጥቂት ልጆች ጓድ እየመራ ጫካውን አቋርጦ በተባለው ሰዓት መድረስ አለበት። በዋዜማው ማታ እዚያው ሰፍረን፣ የጂኦግራፊ መምህራችንና አሠልጣኛችን ሚስተር ሃሪስ ጭልፋ ይዘው እየዞሩ ባቄላ ያድሉናል። ሽታው ብቻውን ያጠግባል።

«ትበያለሽ?»

«አይ፣ ይቅርብኝ፣ አመሰግናለሁ» አልኩ። እኛ ቤት እኮ እንግዳ መጀመሪያ እምቢ ይላል፤ ከዚያ ይለመናል፣ «በሞቴ» ይባላል፣ በመጨረሻ እንደምንም ብሎ ይበላል። ጭልፋው ግን ወደ ቀጣዩ ልጅ አለፈ። «በሞቴ» የሚለኝን ስጠብቅ ድስቱ ታጠበ። በእነሱም በራሴም እንደተናደድኩ ጦሜን አደርኩ።

በማግስቱ ዝናብ ነበር፤ ጭቃው ቁርጭምጭሚት ይውጣል። ካርታውን እኔ ይዣለሁ። ኬሊ የምትባለው ዝምተኛ የክፍሌ ልጅ ወደ ኋላ ትቀር ጀመር።

«ኬሊ፣ እግርሽን አሞሻል?»

«ደህና ነኝ።»

ትንሽ ሄድንና ደግሜ ጠየቅኋት። «ደህና ነኝ አልኩሽ እኮ!»

«ደህና ነኝ ካለች ደህና ናት» አለ ዋይን፣ ከጓዱ ልጆች ሁሉ ችኩሉ። «እንሂድ፣ ሊረፍድብን ነው።»

እውነቱን ነው። ከረፈደ ምልክቴ ቀረ ማለት ነው። ግን ማታ ባዶ ሆዴን ይዤ «ይቅርብኝ» ያልኩት እኔው አይደለሁም? ጭቃው ላይ ተንበረከክሁና «በሞቴ፣ ጫማሽን አውልቂው» አልኳት። «በሞቴ»ዋ በአማርኛ ነው ያመለጠችኝ። ኬሊ ምን እንዳልኳት ባታውቅም አወለቀች። ካልሲዋ በደም ርሷል።

«በእኔ ምክንያት እንዳትወድቂ ብዬ ነው» ብላ አለቀሰች።

እግሯን በሻርፔ አሰርኩላት። ሻንጣዋን ዋይን ተሸከመ፤ ባይነጫነጭ ደግ ነበር። እሷን ደግፌ ስንደርስ ሌሎቹ ሻያቸውን ጠጥተው ጨርሰዋል። ሚስተር ሃሪስ ሰዓታቸውን አዩ።

«ዘግይታችኋል።»

«አዎ ሰር» አልኩ፣ አንገቴን ሳልደፋ። «ግን ሁላችንም እዚህ ነን።»

የኬሊን እግርም አዩ። ቢሆንም ጣሉኝ፤ ሕጉ የሰዓት ሕግ ነበር። አለቀስኩ፤ ግን ያንኑ ቀን ለሚቀጥለው ፈተና ተመዘገብኩ። በመኸር ፈተናው ሲመጣ ኬሊ እኔ ጓድ ልትገባ ከሁሉም ቀድማ እጇን አወጣች። በዋዜማው ሚስተር ሃሪስ ጭልፋቸውን ይዘው መጡ። «ትበያለሽ?» ሲሉኝ «አዎ ሰር፣ ሞላ ያድርጉልኝ» አልኩ። በማግስቱ አለፍኩ። ምልክቱን እጅጌዬ ላይ የሰፋችልኝ ካኪ የማትወደው እናቴ ናት።

ሰልፉን ዛሬ ብታዙኝ ግራና ቀኙን እሳሳታለሁ። ካርታ ማንበቡንም ስልኬ አስረስቶኛል። የቀረልኝ ሰው ደህና ነኝ ሲለኝ ቶሎ አለማመን ነው።

ባለፈው ሳምንት ያቺን የሱቁን ልጅም ደግሜ ጠየቅኋት፤ ደግማ እምቢ አለች። ወንበር ስቤ አጠገቧ ተቀመጥኩና «በሞቴ» አልኳት። ዳቦውን በሁለት እጇ ተቀበለችኝ።