በጠመኔ የተሰመረው ቦይ

ያን ክረምት ሳስታውስ መጀመሪያ የሚመጣብኝ ሽታው ነው። የረጠበ ፍራሽ፣ የሻገተ ግድግዳ፣ ከበር ሥር ተጠርጎ የማያልቅ ጭቃ። ሰማዩ ጠቆር ሲል ጫማችንን አልጋ ላይ እናወጣ ነበር። በዚያው ክረምት ነው ጎርፉ የዋርሳዬን ሚስት፣ ከገመድ ላይ ልብስ ልታነሳ ብቅ ባለችበት ጠርጎ የወሰዳት።

ዋርሳዬ፣ የባሌ ታላቅ ወንድም ማለቴ ነው፣ ልብስ ሰፊ ነበር። ሠፈሩ ሁሉ ጋሼ ጠመኔ ይለዋል፤ ጆሮው ላይ የሚሰካት ጠመኔ ሰው ቤት ሲሄድ እንኳን አትለየውም። ቤቱ አንድ ክፍል ናት፤ በመስኮቱ በኩል የስፌት መኪናው፣ ከመኪናው ወዲያ አልጋው። ግድግዳውን የመረጉት ከሚስቱ ጋር ሆነው ነው። ከበሩ አጠገብ የመዳፏ ምልክት ጭቃው ላይ ደርቆ ቀርቷል። ቀለም ሲቀባ እንኳን እሷን እየዞረ ያልፋታል። "እዚያች ጋ ማንም እጁን እንዳያሳርፍ" ይለን ነበር።

በዓመቱ ማዘጋጃ ቤቱ "የከተማችሁን ፕላን ከእናንተው ጋር ነው የምናወጣው" ብሎ ወደ ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ጠራን። የመጣችው ባለሙያ ልጅ እግር ናት። ካርታዋን ብትዘረጋው ማናችንም ቤታችንን ማግኘት አቃተን። "እንግዲያው ወለሉ ላይ ሣሉትና እያንዳንዳችሁ ቤታችሁ ላይ ቁሙ" አለች። ሁሉም ወደ ጋሼ ጠመኔ ዞረ።

ተንበርክኮ ሣለልን፤ መንገዱን፣ ወፍጮ ቤቱን፣ ገበያውን። የራሱ ቤት ጋ ሲደርስ እጁ ሰፋ አለ።

"ምነው ጋሼ፣ ቤተ መንግሥት አስመሰልከው!" አለው ፀጉር አስተካካዩ።

"ለስፌት የተረፈ ነው፤ ኋላ ይታጠፋል።"

ሳቅን። ያን ቀን የሳቅነው ያኔ ብቻ ነው።

ባለሙያዋ ጎርፉን የሚወስደው ቦይ በየት ይውረድ ስትለን ሁሉም ቤቱ ላይ ቆሞ ጎረቤቱን ይጠቁም ጀመር። ፀጉር አስተካካዩ ወደ ወፍጮው፣ ባለወፍጮው ወደ ፀጉር አስተካካዩ። ልጅቷ "ውሃው በየት እንደሚወርድ የምታውቁት እናንተ አይደላችሁ?" ስትል አቀረቀርን። እናውቃለን እንጂ። በጋሼ ደጃፍ ነው የሚወርደው፤ ሚስቱንም የወሰዳት በዚያው ነው። ግን ማን አፍ አውጥቶ ቤትህን አፍርስ ይበለው?

"እኔ አሰምራለሁ" አለ ራሱ። ከላይ ጀምሮ ቀጥ አድርጎ አወረደውና ቤቱ ጋ ሲደርስ እንደ ካፖርት እጅጌ አጠፈው። ጠመኔው ከእሱ በታች የምትኖረው ከሰል ሻጯ እግር ሥር ደርሶ ቆመ። ልጇን አዝላለች።

"ጋሼ" አለችው፣ ቁጣ እንኳን የለባትም፣ "እኔ የት ልቁም?"

ቀና ብሎ አያት። ጀርባዋ ላይ ያለው ልጅ እንቅልፍ ወስዶታል። እኔ ጭንቅ ብሎኝ "ጋሼ፣ ለሌላ ቀን ይቆይ" ስል በእጁ ዝም አሰኘኝ። ያጠፈውን መስመር በጫማው አበሰው። ከዚያ የራሱን ቤት መሃል ለመሃል አሰመረበት። ሲነሳ ክንዱን ይዤ ደገፍኩት። ከሥዕሉ ወጥቶ ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። ማንም አላጨበጨበም።

ቤቱ የፈረሰ ዕለት አብሬው ነበርኩ። ዶማ የያዙትን "አንድ ጊዜ" ብሎ አስቁሞ፣ የሚስቱ መዳፍ ያለባትን ጭቃ በቢላ ዙሪያዋን ሊፈለቅቃት ሞከረ። እጁ ላይ ተፈረፈረች። የስፌት መኪናውን ተጋግዘን ጋሪ ላይ ጫንን።

ቦዩ ይኸው እስከ ዛሬ ጎርፉን ይወስድልናል። ሰማዩ ሲጠቁር ጫማችንን የትም ትተን እንቀመጣለን። ለጋሼ ምትክ ቦታ ሰጥተውት ነበር፤ "ብቻዬን ጭቃ አልመርግም" ብሎ ሳይሠራበት ቀረ። መጨረሻ የሰማሁት፣ ሌላ ከተማ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ የእህቱ ልጅ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ይዞ፣ መኪናውን በረንዳ ላይ አውጥቶ ዚፕ እየቀየረ እንደሚኖር ነው።