ፎቅ ላይ የደረሰ መርዶ

ከመካነ ሰላም ሆኜ ብሎግ በመጻፍ እንደምተዳደር ስናገር ሰው መጀመሪያ ይስቃል፣ ቀጥሎ ምን ያህል እንደሚያስገኝ ይጠይቀኛል። ሁለተኛውን ጥያቄ ሳልመልስ አብዛኛውን ጊዜ መብራት ይጠፋል።

ማስተማር የተውኩት ስለ መጻሕፍት ለመጻፍ ነበር። ስለ መጻሕፍት የጻፍኩትን የሚያነቡት ግን በጣት የሚቆጠሩ ሰዎች ናቸው፤ ከእነሱም አንዷ እኔ ነኝ። ብሎጉ በእግሩ የቆመው አንድ ክረምት የዋናውን መንገድ ጭቃ ፎቶ አንስቼ ከሥሩ ሁለት መስመር ስድብ የጻፍኩ ቀን ነው። ዐረብ አገር ያሉ የእኛው ወረዳ የቦረና፣ የከላላና የወረኢሉ ልጆች ጭቃውን አይተው አለቀሱ። ከዚያ ወዲህ የምሸጠው ጭቃ ነው፦ ዝናብ፣ ገበያ፣ የተሰበረ ድልድይ፣ የታጨደ ጤፍ። ማስታወቂያ የሚሰጡኝ ቆርቆሮና ሲሚንቶ ነጋዴዎች፣ ለበዓልም በግ ቤት ድረስ የሚያደርሱ ሰዎች ናቸው። ቤቱን የሚያሠራውም በጉን የሚገዛውም ባሕር ማዶ ተቀምጦ ስልኩን የሚያየው ሰው ስለሆነ ነው።

ሠራተኞቼ ሁለት ናቸው፣ ሁለቱም ከማኅፀኔ የወጡ። የአሥራ ሰባት ዓመቷ ልጄ ትቀርጻለች፣ ለሚመጡት መልእክቶችም መልስ ትጽፋለች። የአሥራ አራት ዓመቱ ወንድሟ ስድቦችን ያጠፋል፤ ከማጥፋቱ በፊት ግን እራት ላይ በዜና አንባቢ ድምፅ ያነብልኛል። አባታቸው በደሴ መስመር የሚሠራ ሾፌር ሲሆን፣ የማይጫንና የማይራገፍ ነገር ሥራ ነው ብሎ አያምንም። ልጁ ደግሞ ከአባቱ ይብሳል። ቅሬ የምንለው፣ ቀብርና ለቅሶ የሚያዳርሰው የሰፈር ማኅበራችን፣ ሰው ሲሞት እየጮኸ የሚጠራ ለፋፊ አለው። «አንቺ ብሎገር አይደለሽም፣ የቅሬ ለፋፊ ነሽ» ይለኛል።

በብሎጌ ከጻፍኳቸው ሁሉ ብዙ ሰው ያነበበው ስለ መርዶ የጻፍኩትን ነው። እኛ ጋ ሰው ሲሞት ሩቅ ላለ ዘመድ በስልክ አይነገርም። ዐረብ አገር ላለችው ልጅ ደግሞ እስክትመለስ ይደበቃል። አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ሄደው እየሳቁ ይቀበሏታል፣ መንገድ ሙሉ ያጫውቷታል፣ ቤት ስትደርስ ለቀስተኛ ይጠብቃታል። ይህ ፍቅር አይደለም፣ ንቀት ነው ብዬ ጻፍኩ። ቤተሰብ የምታስተዳድርን ሴት ሐዘኗን ልትሸከም አትችልም ማለት ነው፤ ደመወዟን እየተቀበሉ እንባዋን መከልከል ነው። ብዙ አጨበጨቡልኝ። ከወረኢሉ ኩዌት የሄደች፣ እዚያው በቤት ሠራተኝነት የኖረች፣ የምጽፈውን ሁሉ አንብባ አንድም ቀን ያልወደደች ሴት አለች። እሷ ብቻ አንድ ጥያቄ ጻፈች፦ «ብቻሽን ሰምተሽ ታውቂያለሽ?» ልጄ ይህ ስድብ ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አይደለም፣ ግን አጥፋው አልኩት። አላጠፋውም።

መንገዱ ክፍት በነበረ አንድ ሳምንት፣ በገበያ ቀን፣ ከከላላ አንድ ገበሬ ቤቴን ጠይቆ መጣ። ጥቁር ሸሚዝ ለብሷል፣ ጢሙ አድጓል። እናቱ ከሞቱ አርባቸው ወጥቷል። እህቱ ኩዌት ናት፤ የአንድ ቤተሰብ ልጆች ታሳድጋለች። እህቱን አውቃታለሁ፣ ማለቴ ጽሑፏን አውቀዋለሁ፤ ከእናቷ ቤት በላይ ያለውን ተራራ አሳዩኝ እያለች ሁልጊዜ የምትለምነን እሷ ናት። የመጣው እኛ እንዳንነግራት ለመማጸን ነው። ከቀዬው ሰው አንዱ ኮሜንት ላይ «ነፍስ ይማር» ብሎ እንዳይጽፍ እንድንጠብቅለት፣ ስለ እናቷ ከጠየቀች ደግሞ ደህና ናቸው እንድንላት።

የኔን አቋም አስረዳሁት። ሲሰማኝ ቆይቶ ባርኔጣውን ከጉልበቱ አነሣ።

«ጽሑፍዎን ልጄ አንብቦልኛል» አለኝ። «ደግ ነው። እህቴ ግን ስምንተኛ ፎቅ ላይ ናት። ቢነግሯት ማን ይይዛታል?»

ዝም እላለሁ፣ ግን አልዋሽም አልኩት፤ እንዲህ ያለ ልዩነት ማበጀት የኔ ቢጤ ሰው የሚኮራበት ነገር ነው። ከሄደ በኋላ ልጄ ከጓዳ ወጣች።

«አንቺ ዝም ትያለሽ» አለችኝ። «መልስ የምጽፈው እኔ ነኝ። የሚዋሸው ማነው ታዲያ?»

ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት ልጄ ምግብ ትታ ተነሣች፣ ወንድሟን ያለ ምክንያት መታች፣ የሒሳብ ፈተና ወደቀች። የዕድሜ ነው አልኩ። የጉርምስና ዕድሜ ለወላጅ የተሰጠ ትልቅ ምቾት ነው፤ የማያስረዳው ነገር የለም። ስልኩን ከእጇ ወስጄ ያነበብኩት ዘግይቼ ነው። የገበሬው እህት በየቀኑ ትጽፋለች፦ እናቴን ስልክ ላይ አያቀርቡልኝም። ጠበል ሄደች አሉኝ። ቀጥለው ጆሮዋ ደከመ አሉኝ። የደከመ ጆሮ ቢሆን ድምፄን ሰምታ ዝም ትል ነበር፣ እሷ ግን ጭራሽ የለችም። ልጄም ትመልሳለች፦ እኛ ከከላላ ራቅ ያልን ነን፣ አይዞሽ፣ ኔትወርክ ነው፣ መኸር ነው። በመጨረሻ ሴትዮዋ አንድ ነገር ለመነች። ቤታችን ሄዳችሁ እናቴን ደጅ ላይ ተቀምጣ ቅረጹልኝ። እስከሚቀጥለው ዓርብ ካላየኋት እዚህ አልቀመጥም። በሩን ቢቆልፉት መስኮት አለ።

ይህን ያለችው ለመሸሽ ይሁን ለሌላ አላወቅንም። ይህን የመጨረሻውን ስልኩን መልሳ ወስዳ ልጄ ቆማ ነበር ያነበበችልኝ፤ አንብባ ስትጨርስም አልተቀመጠችም።

በማግስቱ በሚኒባስ ከላላ ገባን፣ ከዚያ ቀድመን የደወልንለት የሴትዮዋ ወንድም በቅሎ ይዞ ተቀበለንና በእግር ወጣን። ያሰብነው፣ በይበልጥ ልጄ ያሰበችው፣ እንዲህ ነበር፦ ቤቱን፣ ደጁን፣ ከብቶቹን እንቀርጻለን። ወንድምየው ከፊት ቆሞ እናታችን ለዘመድ ሠርግ ራቅ ያለ አገር ሄዳለች፣ ስትመለስ ትደውልልሻለች ይላል። ቢያንስ ዓርብን ያሻግረናል። እኔ፣ አልዋሽም ያልኩት ሴት፣ በቅሎዋን ይዤ ቆሜ ነበር።

ቤቱ ደህና ሆኖ ወጣ። ሰውየው ግን በጥቁር ሸሚዝ ለካሜራ አይሆንም።

«ጋሼ፣ ለሁለት ደቂቃ ብቻ ሌላ ሸሚዝ ይልበሱ» አለችው ልጄ።

ሚስቱ ነጭ ሸሚዝ አመጣች። ሰውየው የላይኛውን ቁልፍ ፈታ፣ ቀጣዩንም ፈታ፣ ከዚያ እጁ ቆመ። ማንንም አላየም። እናቱ ይቀመጡበት የነበረው መደብ ላይ ተቀመጠና ሸሚዙን መልሶ ቆለፈ። ሠርግ ሄዳለች ብዬ እንዴት በአፌ እላለሁ፣ ይቅር በይኝ አላት፤ የአሥራ ሰባት ዓመቷን ልጅ። ልጄ የቀረጸችውን ሁሉ እዚያው ፊቱ አጠፋችው።

ስንመለስ ከላላ ልንደርስ ስንል፣ መርዶ የሚነግሩት ምን ያህል ሰዎች ናቸው ብላ ጠየቀችኝ። እንደ ሰዉ ሁኔታ ነው አልኳት፤ ዋናው ነገር ማልደው በአንድነት መድረሳቸው ነው፣ አንዱ ይናገራል፣ ሌሎቹ ይይዛሉ።

«እሷ ጋ ለመድረስ እኛ አንችልም» አለች። «ኮሜንት የሚጽፉልን ሴቶች ግን እዚያው ከተማ አሉ።»

እኔ ለዓመታት አንባቢ እያልኩ የምጠራቸውን ሰዎች ልጄ ስታስባቸው የኖረችው እንደ ጎረቤት መሆኑን ያኔ ነው የተረዳሁት። ማን ከየት እንደሆነ፣ ማን ዓርብ ዓርብ እረፍት እንዳላት፣ የማን አሠሪ ክፉ እንደሆነች ታውቃለች። ለማን እንደምትጽፍም ወስና ነበር፤ ለዚያች የወረኢሉ ሴት። ጠላቴ ናት አልኳት። ለዚያ ነው የመረጥኳት አለችኝ፣ አንቺን የማትፈራ ሰው ምንም አትፈራም።

ወንድምየውን በስልክ ጠየቅነው። ለብቻው አልወሰነም፤ ከነፍስ አባታቸውና ከቅሬው ዳኛ ጋር መክሮ በሁለተኛው ቀን ደወለ። አንዲት ጎልማሳ ትኑርበት፣ ተናግረው ጥለዋት እንዳይሄዱ፣ እስከ ማታ አብረዋት ይዋሉ አለ። የወረኢሏ ሴት ስትሰማ ስለኔ ጽሑፍ አንዳች ክፉ ቃል ትናገራለች ብዬ ጠብቄ ነበር። የጠየቀችው የሟችን ክርስትና ስምና እህትየዋ ምን ዓይነት ምግብ እንደምትወድ ብቻ ነው። ከዚያ ወንድምየው በሰጠን ቁጥር ለእህትየዋ አሠሪ በዐረብኛ ደውላ፣ የአገራቸው ሴቶች ዓርብ ሊጠይቋት እንደሚመጡና ለምን እንደሚመጡ ነገረቻት። አሠሪዋ መስኮቱን ከወዲሁ ልዝጋው ወይ ብላ ጠየቀች።

«የኮሜንት ቅሬ» አለ ልጄ ከጓዳ ሆኖ። እህቱ አየችው፤ ሳቁን ዋጠው።

ዓርብ ጠዋት ጓሮ ተቀምጠን ስልኩን በርጩማ ላይ አስቀምጠን ጠበቅን። ለወትሮው በዚያ ሰዓት የሐሙስ ገበያን ፎቶዎች አወጣ ነበር። አላወጣሁም። ልጄ ጥፍሯን ትበላለች። ፊቷን ሳየው ስለ ሴትዮዋ ብቻ እንዳልፈራች ገባኝ፤ ስለ ራሷም ፈርታለች። ስትጽፍላት የኖረችው እሷ ናት፤ አይዞሽ ያለቻት እሷ ናት።

ስልኩ ሲጮህ የደወለችው የወረኢሏ ሴት ነበረች። ድምፅዋን ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁት፤ ወፍራምና የደከመ ድምፅ ነው። አምስት ሆነው ገብተዋል፣ ሁለት ክርስቲያን ሦስት እስላም። በር የከፈተችው ራሷ እህትየዋ ናት። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ስታያቸው ቃል ሳይናገሩ አወቀች። እናቴ ናት አይደል ብላ መሬት ላይ ተቀመጠች። ያዟት። ደረቷን እንዳትመታ እጇን ያዙ፣ አስለቀሷት፣ አብረዋት አለቀሱ። አሠሪዋ ውኃ ይዛ መጥታ በር ላይ ቆማ ቀረች። አሁን ትንሽ ተንፈስ ብላለች፣ ከወንድሟም ጋር በስልክ ተላቅሳለች።

«ያቺን ልጅ አገናኙኝ እያለች ነው» አለች።

ስልኩን ለልጄ ሰጠኋት። ልወስድላት ፈልጌ ነበር፤ እጇን ዘርግታ ነበርና ሰጠኋት። የሴትዮዋ ድምፅ ጎርንኗል፣ ጓሮው ውስጥ ጥርት ብሎ ይሰማል።

«ስትመልሽልኝ የኖርሽው አንቺ ነሽ?»

«አዎ።»

«ታውቂ ነበር?»

ልጄ አየችኝ።

«አውቅ ነበር» አለች። «ከመጀመሪያው አውቅ ነበር።»

በወዲያኛው በኩል የሴቶች ሹክሹክታ ተሰማ።

«ስንት ዓመትሽ ነው?»

«አሥራ ሰባት።»

«ውይ፣ ያንን ሁሉ ጊዜ ብቻሽን» አለች ሴትዮዋ። «ውይ የኔ እናት።»

ልጄ ያን ጊዜ አለቀሰች። በእነዚያ ሁሉ ሳምንታት አልቅሳ አታውቅም፤ አሁን እንደ ሐዘኑ ባለቤት ድምፅ አውጥታ፣ ተጎንብሳ፣ ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች አለቀሰች። ከስምንተኛው ፎቅ ሴትዮዋ «አብሽሪ፣ አብሽሪ የኔ እናት» ትላታለች። አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ትከሻዋን ያዝኩ፤ ሌላ የምሠራው አልነበረኝም።

አጥሩ ቀጭን ነው። መጀመሪያ ከጎናችን ያሉት እትዬ ነጠላቸውን እያዘቀዘቁ ገቡ፣ ከኋላቸው ምራታቸው፣ ቀጥሎ ከመንገድ ማዶ ያለችው ሱቅ ጠባቂ ሱቋን ሳትዘጋ። ማን እንደሞተ አልጠየቁም። ልጄን መሃል አድርገው ተቀመጡና አብረዋት አለቀሱ። ሌሎችም በር ላይ ሲደርሱ ልጁ ከቤት ወጣ፣ አየን፣ ተመልሶ ገባና አግዳሚ ወንበሩን ብቻውን እየጎተተ ማውጣት ጀመረ።