በክሊንተንቪል የተሰየመው ችሎት

አቶ ወልደየሱስን የማታውቁ ዕድለኞች ናችሁ፤ የምታውቁት ደግሞ ትንሽ ታገሡኝ። ሰውዬው በሃያ ስምንት ዓመቱ፣ የዲፕሎማው ቀለም ሳይደርቅ፣ ሱዳን ድንበር ላይ ላለች አንዲት ከተማ ዳኛ ሆኖ ተላከ። የአገሬውን ቋንቋ አንድ ቃል አያውቅም። ማወቅም አላስፈለገው፤ አስተርጓሚ፣ ፖሊስና ማኅተም ተሰጥቶታል። መሀል አገር ተቀምጠው ጠረፉን ሥልጣኔ እናጠጣለን ለሚሉ ጌቶች ከዚህ የተሻለ ቅኝ ገዢ ከየት ይመጣል? ሚስቱ ጽጌረዳም አብራው ሄዳለች። እሱ ሲያወራው ግን ከሻንጣዎቹ ጋር የተጫነች ነው የሚመስለው።

ዛሬ ስልሳ ሰባት ዓመቱ ነው። ባሕር ማዶ፣ ኮሎምበስ ከተማ፣ ክሊንተንቪል በሚባል ሰፈር ይኖራል፤ ኢስተን የገበያ ማዕከል አጠገብ፣ ብርቱካንማ ሰደርያ ለብሶ፣ ፓርኪንግ ውስጥ መኪና ያስቆማል። «ክቡር ፍርድ ቤት» የሚለው ሹፌር እስካሁን አልተገኘም። ለኮሎምበስ ሐበሻ የቀረለት ችሎት የባልና ሚስት ሽምግልና ብቻ ነው፤ እሱንም የያዘችው ጽጌረዳ ናት። ሰውዬው ታዲያ በምን ሆዱ ይቻለው?

ጽጌረዳ ስልኳን ቻርጅ ላይ ሰክታ ዞር ስትል ዘሎ የሚያነሣው እሱ ነው።

«እትዬ ጽጌረዳ አሉ?»

«ጉዳዩን ለኔ ንገሪኝ። ዳኛ ነኝ እኮ።»

«አይ ጋሼ፣ ሲመለሱ ኮል አደርጋለሁ።»

ስልኩን ሲያስቀምጥ ፊቱን ብታዩት ውሽማ የደወለላት ይመስላችኋል። ውሽማ ቢደውልማ ይሻለው ነበር፤ ቢያንስ ማንን እንደሚጠላ ያውቃል። አሁን የሚቀናው በኮሎምበስና በዙሪያዋ በተጣላ ባልና ሚስት ሁሉ ነው።

ባለፈው መጋቢት ከከተማው ወጣ ብሎ ፒከሪንግተን የሚኖሩት አምሃና ሔዋን ሊፋቱ ጫፍ ደረሱ። አምሃ የጭነት መኪና ይነዳል፤ ሁለት ሳምንት መንገድ ላይ ከርሞ ቤት ሲመጣ ይተኛል። ጽጌረዳ ለእሑድ ቀጠረቻቸው። ወልደየሱስ ተደብቆ ደወለና «ወደ ቅዳሜ ተዛውሯል» አላቸው። ቅዳሜ ጽጌረዳ አረጋውያን የምትንከባከብበት ሺፍት ላይ ናት። አንዴ፣ አንድ ትዳር ብቻ እሱ ቢያስታርቅ፣ ከዚያ በኋላ የሚጠሩት እሱን እንደሚሆን አልተጠራጠረም።

ልጁ ሔርሞን ሳሎን ስትገባ ወንበሮቹ ግድግዳውን ተከትለው ተደርድረዋል።

«ዳድ፣ ሁ ዳይድ?»

«ማንም አልሞተም! ችሎት ነው። ውጪ!»

ባልና ሚስቱ መጡ። ወልደየሱስ ከረባት አስሮ፣ ከፍ ያለውን የኩሽና ወንበር ሳሎን አምጥቶ፣ እግሮቹ መሬት ሳይነኩ ተሰቅሏል።

«እትዬ ጽጌረዳስ?» አለች ሔዋን።

«ጉዳዩ ወደ እኔ ተመርቷል። ከሳሽ ማን ነው?»

«ከሳሽ የለም ጋሼ፤ ዝም ብለን ልንነጋገር ነው» አለ አምሃ።

«ተከሳሽ ሳይጠየቅ አይናገርም! አንቺ፣ ቤት ሲገባ ይተኛል ወይስ አይተኛም? አዎ ወይም አይደለም በይ።»

«ይተኛል፤ ግን ደክሞት...»

«በቃ! ጥፋተኝነቱ ተረጋግጧል። አንተ ስንፍናህን...»

«ስንፍና?» ሔዋን ብድግ አለች። «ማን ነው ሰነፍ? ይሄ ሰው ለኛ ብሎ በረዶ ላይ ሲነዳ ነው የሚያድረው! እኔ እንኳ እንደዚህ ተናግሬው አላውቅም!»

አምሃ ቀና ብሎ ሚስቱን አያት። እንዲህ ስትከላከልለት ሰምቶ የማያውቅ መሆኑ ያስታውቃል።

«ተነሺ እንሂድ፣ ሔዋንዬ።»

«ችሎቱ አልተነሣም!» እያለ ክቡር ፍርድ ቤት ከወንበሩ ሲወርድ ሞተራቸው ተነሥቷል።

ጽጌረዳ ማታ ስትመለስ ሔዋን እየሳቀች ሁሉንም ደውላ ነግራታለች። ወልደየሱስ በር ላይ ጠበቃት። ይቅርታ ሊጠይቅ መስሏችሁ ከሆነ አታውቁትም።

«ታረቁ። ያስታረቅኳቸው እኔ ነኝ! እዚያ ጠረፍ ሳለሁም እንዲሁ ነበር፤ ስንቱ ከሳሽ ቆራጥነቴን ሰምቶ ክሱን አንሥቷል!»

ጽጌረዳ ጫማዋን እያወለቀች ነበር። ሠላሳ ስምንት ዓመት ያልተናገረችውን እዚያው ጎንበስ እንዳለች ተናገረችው።

«ክሱን የሚያነሡት በችሎቱ ዋዜማ በጓሮ በር እየመጡ እኔ ዘንድ ይጨርሱ ስለነበር ነው።»

«በምን ቋንቋ?»

«በነሱ ነዋ።»

«ከማን ተማርሽ?» አቤት አጠያየቁ! በስተርጅና የያዘችው ቅናት ድምፁን አቀጠነችው።

«ከአስተርጓሚህ ሚስት። ገበያ አብረን ነበር የምንወርደው።»

ከረባቱን ፈታ። ከዚያ ዳኛ ሆኖ በኖረበት ዘመን አንድም ቀን ያልጠየቀውን ጥያቄ ጠየቀ፤

«ስለኔ ምን ይሉ ነበር?»

«‹ዳኛው ዘንድ ሳንደርስ ጨርሺልን› ነበር የሚሉት።»

ጨክና አይደለም፤ ጠይቋት ነው። በሳምንቱ ሌላ ባልና ሚስት ሲመጡ ወልደየሱስን ኮሪደሩ ላይ ቆሞ አገኘችው።

«እኔም ልግባ?» አላት።

«ግባ። ካልጠየቁህ ግን እንዳትናገር።»

ገባ፤ ሶፋው ጫፍ ላይ እጁን አጣምሮ ተቀመጠ። ከዚያ ወዲህ ሁልጊዜ ይገባል። እስካሁን የጠየቀው የለም።