ሦስቴ ሲነፋ

ጅቡቲ ውስጥ በባቡር ሠራተኛ ቤት ያደገ ሰው የባቡር ጥገና ጋራዡን ጡሩምባ አይረሳም። አንዴ ከተነፋ ሥራ መግቢያ ነው፤ ሁለቴ ከሆነ መውጫ። ሦስቴ ከተነፋ ግን ሰው ተጎድቷል ማለት ነው፤ ያኔ ሚስቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ወደ በሩ ይሮጣሉ። አበዛሽም የባሏን የጎሳዬን ሬሳ የተቀበለችው እንዲሁ ሮጣ ነው። ከጋራዡ ጣሪያ የተንጠለጠለው የዕቃ ማንሻ ሰንሰለት ተበጥሶ ብረት ወድቆበት ነበር።

አሁን የድሮው ባቡር ቀርቷል፣ የድሮው ሥራም የለም። ከተማው በባህልና በስፖርት ይነሣል ተባለና ጋራዡ አዳራሽ ሆነ። ግድግዳው ላይ ሥዕል፣ መሬቱ ላይ ሰው ሠራሽ ሣር። ያንን የተረገመ ማንሻ እንኳ ሳያወርዱት ቀይ ቀለም ቀቡት፣ መብራት አንጠለጠሉበት፣ ቅርስ ነው አሉ። ቅርስ! ጡሩምባውንም ጠገኑና ጨዋታ ላይ ጎል በገባ ቁጥር ሦስቴ ይነፉት ጀመር። ምን ይባላል እንግዲህ!

የመክፈቻው ዕለት ልጇ ራኬብ ለሰፈሯ ለካርቲየ 2 የሴቶች ቡድን ተሰልፋ ጎል አገባች፤ ጡሩምባው ጮኸ። ቤቷ የነበረችው አበዛሽ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ዕንባዋ በጉንጯ እየወረደ፣ እየሮጠች ሜዳው መሃል ገባች። ተመልካቹ ትርኢት መስሎት ብድግ ብሎ አጨበጨበላት። ራኬብ አንገቷን ደፋች።

ቤት ሲገቡ «እማዬ፣ ሁለተኛ እንዳትመጪ» አለቻት። «ቢነፋም ቁጭ በይ። በአባዬ አጥንት ማይልኝ።»

አበዛሽ ማለች። ምን ታድርግ፣ ልጇን በሰው ፊት አዋርዳታለች። በባሏ አጥንት ከማለች ወዲያ ደግሞ ማፍረስ የለም።

ዛሬ ራኬብ ምሳዋን በልታ ወጣች። ጨዋታው ዘጠኝ ሰዓት ግድም ከሚሰገደው ከዓስር ሶላት በኋላ ነው፣ ቀደም ብለን ሰውነታችንን እናፍታታለን ብላ ሄደች። አበዛሽ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ለጎረቤቷ ለጀዋሪያ የገበያ ሳምቡሳ ስትጠቀልልላት ጡሩምባው ጮኸ። ሦስቴ። እጇ ወደ ነጠላዋ ሄደ፤ መሐላዋ ትዝ አላትና መለሰችው።

ትንሽ ቆይቶ እንደገና ሦስቴ። ጀዋሪያ ሳቅ ብላ ልጅሽ ዛሬ ምን ነክቷት ነው፣ ደረደረችው እኮ አለቻት። አበዛሽም ለመሳቅ ሞከረች። ከንፈሯ እንቢ አላት። ነጠላዋን እንዳትነካው ሁለት እጇን ሊጡ ውስጥ ቀበረች። ጡሩምባው እንደገና ጀመረ፤ ሦስት፣ ደግሞ ሦስት፣ ያቆማል ሲባል ደግሞ ሦስት። መንገድ ላይ የነበሩ ጎረምሶች አጨበጨቡ።

በመጨረሻ ዝም አለ። አበዛሽ ተመስገን ብላ ተነፈሰች፤ ቃሏን ጠብቃለች፣ ልጇን አላሳፈረችም። ሌላ ሳምቡሳ አንሥታ መጠቅለል ጀመረች።

ያኔ ነው ከመስጊዱ የዓስር አዛን የተሰማው።

ጀዋሪያ ሳቋን ዋጠች። አበዛሽ ሊጥ በያዘው እጇ ነጠላዋን ከትከሻዋ ላይ ሳበች፤ ጥለቱን ወደ ላይ ገለበጠችው።

«ጨዋታው እኮ ገና አልተጀመረም» አለች።